የመደርደሪያው ዋጋና የኮምፒውተሩ ዋጋ

ዛሬ በምሠራበት ሱፐርማርኬት የዘይት ዋጋ በኮምፒውተሩ ተቀይሯል፤ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ግን የቀድሞው ነው። ደንበኛው የሚያገኘው ገንዘብ ተቀባይዋን ስለሆነ ቁጣው ሁሉ የሚወርደው እኔ ላይ ነው። አንዲት እናት የያዙትን ዘይት መልሰው አስቀምጠው ሲወጡ አንጀቴን በሉት። ሥራ አስኪያጁ በመጋዘን ያሳብባል፣ መጋዘኑ በዋናው መሥሪያ ቤት።

ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ተገኘና «ከደመወዛችሁ ይቆረጣል፣ እዚህ ላይ ፈርሙ» ተባልን። እነሱ ላዝረከረኩት እኛ እንክፈል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ደመወዝ አይቆረጥም፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። እኔ አልፈረምኩም። ባልደረቦቼ ሆይ፣ እባካችሁ እናንተም ሳታነቡ አትፈርሙ።