ጮቄ ተራራ ላይ ተወርዋሪ ኮከብ ላነሳ ሄጄ የሜትሮሎጂ ባለሙያ የሆንኩበት ሌሊት

ይሄን የምጽፈው ለኔ ማንም ስላልነገረኝ ነው። አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የ2013 ታህሳስ 4 ለ5 አጥቢያን፣ ጨረቃ የሚባል ነገር የሌለበትን ሌሊት፣ ግማሹን የቀበሌ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አላሳልፈውም ነበር።

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ፐርሴይድ ፐርሴይድ ይላል፣ በየዓመቱ የሚመጣ የኮከብ ዝናብ (ብዙ ተወርዋሪ ኮከብ የሚታይበት) ነው፣ እሱ የሚደምቀው ነሐሴ 6 እና 7 አካባቢ ነው፣ በነሐሴ ጎጃም ውስጥ ሰማይ ያየ ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ። አንዴ ሞኝ ሆኜ ሞክሬ ደብረ ማርቆስ ሁለት ሌሊት ሙሉ የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሰምቼ ተመልሻለሁ። ለኛ የሚሆነው ጀሚኒድ የሚባለው ሌላው የኮከብ ዝናብ ነው። በታህሳስ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ኮከቦቹ የሚመነጩ የሚመስሉበት ቦታ ደግሞ (በኮከብ ቆጠራ ገውዝ የሚባለው) ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም አናታችን አካባቢ ይደርሳል፣ ስልካችሁ 2:00 ሲል የኛ 8 ሰዓት መሆኑን ያዙልኝ። አብዛኛው የኮከብ ዝናብ የጅራታም ኮከብ ብናኝ ነው፣ ይሄ ግን ፋየቶን ከሚባል አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር አለት) ነው የሚመጣው፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ ከፐርሴይድ ይዘገያል፣ ለካሜራ ይመቻል።

መንገዱ ምንም አይደል፣ አባይ በረሃን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ማደር፣ ከዛ ወደ ጮቄ መውጣት።

ጉዱ ደብዳቤው ላይ ነው። አርብ ዕለት አንድ ወረዳ ቢሮ ሄድኩ (የት እንደሆነ ይቅር)፣ ሰውየው «ያለ ደብዳቤ አይቻልም፣ ደብዳቤ ከያዝክ ግን ማንም ዝንብህን እሽ አይልም» አለኝ። ምን ልታደርግ ነው ሲለኝ እኔ ደግሞ የተማርኩ ለመምሰል «ሜትዮር ሻወር ዶክመንት ላደርግ» አልኩት። እስካሁን ሳስበው እበሽቃለሁ፣ ተወርዋሪ ኮከብ ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? ከጠዋት እስከ 10 ሰዓት አመላለሱኝ፣ ፈራሚው ስብሰባ ነው፣ ፈራሚው መጣ ማህተም ያዧ ሄደች፣ ማህተሙ ሲገኝ ቲተሩ ጠፋ። ሲሰጡኝ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሳላነብ!

እሁድ ማታ ከ4,000 ሜትር አካባቢ ጅብራ (የደጋው ረጅም ተክል) ያለበት ሜዳ ላይ ትራይፖዴን ተክዬ ገና ፎከስ ሳስተካክል ሦስት ሚሊሻዎች ባትሪ እያበሩ መጡ። አልፈርድባቸውም፣ ጊዜው ሰሜን ላይ ጦርነት የተጀመረበት ሰሞን ነው፣ ባህር ዳር ላይ ሮኬት ከወደቀ ገና ወሩ፣ እና አንድ የማያውቁት ሰው ጨለማ ውስጥ ባለ ሦስት እግር ነገር ወደ ሰማይ ቀስሮ ተቀምጧል። በኩራት ደብዳቤዬን አወጣሁ። አዛዡ በባትሪው እያበራ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ለሜትሮሎጂ ጥናት»። ሜትዮር ያልኩትን ሜትሮሎጂ አድርገውታል።

«የዝናብ መለኪያህ የታለ?»

«ጋሼ እኔ ዝናብ አልለካም።»

«በታህሳስማ ምን ዝናብ አለና። ታዲያ ይሄ ምን ይላል?»

ምን ልበል? የወረዳው ሰውዬ ስልክ ዝግ ነው። ካሜራዬን ተሸክመው እኔን መሀል አድርገው አርባ ደቂቃ ቁልቁል ወደ ቀበሌው ወሰዱኝ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር እስኪመጡ ተጠበቀ፣ በበሩ ስንጥቅ 11 ተወርዋሪ ኮከብ ቆጠርኩ፣ አንዱ አረንጓዴ ነበር፣ ማልቀስ ቀረኝ። ሊቀመንበሩ ቡሉኳቸውን ተከናንበው ሲመጡ 8 ሰዓት አልፏል። ደብዳቤውን አዩት፣ ወደ ጎን አደረጉት፣ «አንተ ልጅ፣ በአማርኛ ንገረኝ» አሉኝ። ኮከብ ሲወረወር ፎቶ ላነሳ ነው አልኳቸው። «ኧረ ታዲያ ይሄን ቀድመህ አትልም!» በቃ። ይሄው ነው። የአንድ ቀን ማህተም ያልፈታውን ሁለት ደቂቃ ፈታው።

ስለዚህ ቢሮው የሚላችሁን አትመኑ። ደብዳቤ ያዙ፣ አንብቡት፣ ግን ከሱ በፊት በቀን ብርሃን ሊቀመንበሩ ጋ ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ስልካችሁ ላይ የኮከብ ፎቶ አሳዩ፣ ከቻላችሁ የሰፈሩን ሰው ይዛችሁ ውጡ።

ከ9 ሰዓት በኋላ አዛዡ ራሱ መልሶ አወጣኝ። ካሜራው ላይ ብዙ አትጨነቁ፦ ከካሜራው ጋር የመጣውን ሌንስ 18 ሚሊ ሜትር ላይ፣ 20 ሰከንድ ክፍት፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ፎከስ በእጅ ደማቅ ኮከብ ላይ፣ ከዛ ሳያቋርጡ ማንሳት። ውርጩ ባትሪ ይገድላል፣ መለዋወጫውን ብብታችሁ ውስጥ ያዙ፣ እኔ ቦርሳ ውስጥ ትቼው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም ሞቱብኝ። ከ200 ምናምን ፎቶ ኮከብ የተያዘበት 9 ነው፣ ለሰው የማሳየው አንድ ብቻ፣ እሱም ጥግ ላይ የአዛዡ ባትሪ ብርሃን ገብቶበታል። ቢሆንም ከጅብራዎቹ በላይ ሰማዩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ይታያል፣ በሱ እኮራለሁ።

አዛዡ ስልክ ቁጥሬን ወስዶ ነበር። ዓመት በዓል ሲሆን ይደውላል፣ ሰላምታም ሳያስቀድም «ሜትሮሎጂው፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይለኛል።