እሷ ታውቃለች

የፎቶ ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀት ግማሹ ምስማርና ውኃ ልክ ነው። ቀሪው ግማሽ የትኛው ፎቶ ከየትኛው ጎን ይሰቀል በሚል ክርክር ያልቃል። ይህም ገጠመኝ ከዚያው ክርክር የወጣ ነው።

ሥራዎቹ የአንድ አንጋፋ ፎቶግራፈር ናቸው፤ ሁሉም ሰዎች ሳያውቁ፣ ሳይዘጋጁ መንገድ ላይ የተነሡ። ባልደረቦቼ ትንንሾቹን ኅትመቶች ጠረጴዛ ላይ በየርእሳቸው ደርድረዋቸው ነበር፤ ልጆች ከልጆች፣ ሽማግሌ ከሽማግሌ፣ ዝናብ ከዝናብ። እውነት ለመናገር እንቅልፌ መጣ።

ለመስቀል ሥራ የመጣችው ልጅ ከጠረጴዛው ማዶ ስለቆመች ሁሉንም የምታየው ተገልብጦ ነው። ምንም ሳትናገር ሁለት ፎቶ አንሥታ አጠጋጋቻቸው። በአንዱ ጫማውን ሊያስር ያጎነበሰ ሰው፣ በሌላው ንፋስ የገለበጠው ጃንጥላ። የጀርባው ጉብታ የፎቶው ጠርዝ ላይ ሲያልቅ የጃንጥላው ቅስት በዚያው ከፍታ ይጀምራል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ መስመር ተያያዙ። ፎቶ ሲገለበጥ ፊትና ታሪክ ይደበዝዙና ቅርጽ፣ ብርሃንና ጥላ ይቀራሉ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ከማዶ ቆመን ማየት ጀመርን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፎቶግራፈር ሮበርት ፍራንክ ከ27 ሺሕ በላይ ካነሣቸው ምስሎች 83ቱን ብቻ መርጦ እ.ኤ.አ. በ1958 ፓሪስ ባሳተመው «አሜሪካኖቹ» የተባለ የፎቶ መጽሐፍ ውስጥ በሁለት ዘንባባዎች መካከል የቆመች፣ ሸራ የለበሰች መኪና አለች። ገጹን ስትገልጡ መንገድ ዳር በብርድ ልብስ የተሸፈነ የመኪና አደጋ አስከሬን ታያላችሁ። ሸራው ብርድ ልብሱን ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋን እንደ መጀመሪያው ማየት አይቻልም።

እኛንም ያጣላን ይኸው ጉልበት ነው። ፊቷን በመዳፏ የሸፈነች ሴት ጥቁር ከለበሱ ሐዘንተኞች ጎን ተቀመጠች። የእጆቹ አቀማመጥ፣ የአንገቱ ማዘንበል፣ ሁሉም ገጠመ። ፎቶግራፈሩ መጥቶ ሲያያት ግን፣

«ይቺ ሴትዮ እኮ እየሳቀች ነው» አለ።

ኮንታክት ሺቱን፣ ማለትም የአንድ ፊልም ፎቶዎች በተነሡበት ቅደም ተከተል በትንንሹ የታተሙበትን ወረቀት አወጣ። ቀጥሎ ባለው ፍሬም (ምስል) እጇ ወርዶ ጥርሷ ይታያል።

«ጋሼ፣ ተመልካቹ ይህን በምን ያውቃል? ቅርጹ ይሠራል» አለ ባልደረባዬ።

«እሷ ታውቃለች።»

ባልደረባዬ የሚለው ጠፍቶኝ አይደለም። ጥበብ ዜና አይደለም፤ ማንም የፎቶውን ሐቅ በቃለ መሐላ አልጠየቀንም። ነገር ግን ፎቶዋ ብቻውን ሳለ ሣቅም ለቅሶም ሊሆን ይችል ነበር፤ በሩን የዘጋባት ያስቀመጥንላት ጎረቤት ነው። ሳትጠየቅ ለተነሣች ሴት ደግሞ ሳትጠየቅ ሐዘን መጨመር ከበደኝና ከሽማግሌው ጋር ወገንኩ። አሁን ጥንድ ከማጽደቃችን በፊት ከፎቶው በፊትና በኋላ የተነሡትን ፍሬሞች እናያለን፤ ሥራውን ያጓትተዋል፣ ደግሞም አንዳንድ ግሩም ጥንዶችን አሳጥቶናል።

ሐዘንተኞቹ ለብቻቸው ተሰቀሉ። ሴትዮዋ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ፀሐይ ከሚከልል ልጅ ጎን ሄደች። ባልደረባዬ እስከ መክፈቻው ምሽት «የፊተኛው ይሻል ነበር» እንዳለ ነው፤ በቅርጽ ብቻ ከተባለ ልክ ነው።