ሁለት ሾፌሮች በአንድ ካያክ

ወለሉ ወደ ታች የሚያሳይ ካያክን (በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ ነው) በተመለከተ በቅድሚያ መነገር ያለበት ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። ማስታወቂያዎቹ ይህን አይናገሩም። በፎቶግራፎቹ ላይ አንዲት ባለ ባርኔጣ ሴት መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ከእግሯ ሥር ዓሣ ሲርመሰመስ፣ ፈገግ ብላ ትታያለች። ወዴት እየሄደች እንደሆነ ከፎቶግራፉ አይታወቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ወደ ጎን ነው የምትሄደው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ተራው ካያክ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ውሃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። ይህኛው ከፖሊካርቦኔት፣ ማለትም ከጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ወለሉ በደንብ እንዲያሳይ ሰፊና ጠፍጣፋ ተደርጓል። በቀላሉ አይገለበጥም፤ አቅጣጫ መያዝ ግን አይወድም። በአንዱ ወገን ጠንከር አድርገው ሲቀዝፉት፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ድንገት ፍሬን እንደተያዘበት ተሳቢ ኋላው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ይህን ለማለት ሥልጣን አለኝ፤ እንጀራዬ ተሳቢ መጎተት ነው።

እኔና ጋሼ በአሜሪካ የረጅም ርቀት የጭነት መኪና በፈረቃ እናሽከረክራለን። አንዱ መሪ ሲይዝ ሌላው ከኋላ ባለው አልጋ ላይ ይተኛል። (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ ጋሼ ብቻ እያልኩ እቀጥላለሁ።) በሕጉ መሠረት በ8 ቀን ውስጥ የሚፈቀድልን የሥራ ሰዓት 70 ነው፤ 34 ሰዓት በተከታታይ ያረፈ ሾፌር ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ያ እረፍት ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው የጭነት መኪናዎች ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ ልብስ በማጠብ፣ በመተኛትና አገር ቤት በመደወል። በጥር ወር ግን እረፍታችን ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኦካላ ከተማ ላይ ገጠመን። ጋሼ የታጠበውን ልብስ እያጣጠፉ፣ «አንተ ልጅ፣ ይህች አገር ከአስፋልትና ከመጋዘን ሌላ ምንም የላትም እንዴ?» አሉኝ።

አላት። ኢንተርስቴት 75 የሚባለውን አውራ ጎዳና በመውጫ 352 ለቅቆ በስቴት ሮድ 40 ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ከተማዋን አቋርጦ ሲልቨር ስፕሪንግስ ይደርሳል። ቦታው ከ2013 ጀምሮ የግዛቱ ፓርክ ነው፤ ዝናው ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ወለላቸው መስታወት የሆነ ጀልባዎች እዚህ ጎብኚ ማመላለስ የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሲሆን ዛሬም ይሠራሉ።

የሲልቨር ወንዝ ከተራራ የሚወርድ ወንዝ አይደለም። የማዕከላዊ ፍሎሪዳ መሬት ከአሸዋው በታች ውሃ የቦረቦረው የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ በአሸዋው ሰርጎ፣ በድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ ለዓመታት ሲጓዝ ቆይቶ፣ እዚህ ሲደርስ ገንፍሎ ይወጣል፤ ገና ከምንጩ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ወንዝ ነው። ጎርፍ የሚያመጣውን ጭቃ ስለማያውቅ ጥርት ያለ ነው፤ ሙቀቱም ክረምት ከበጋ ከ22 እስከ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 8 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ኦክላዋሃ ከሚባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል።

ጋሼ ያደጉት አርባ ምንጭ ነው። ከመሬት የሚፈልቅ ውሃ አያስደንቃቸውም፤ ከከተማዋ በታች፣ ጫካው ውስጥ የሚፈልቁትን ምንጮች በልጅነታቸው እየጠጡ አድገዋል። ዋና ግን አይችሉም። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ላደገ ሰው ይህ ገርሞኝ ብጠይቃቸው፣ «አዞ ባለበት ሐይቅ ዋና የሚለማመደው ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አስጎብኚያችን የአካባቢው ተወላጅ የሆነች ወጣት ናት። የሕይወት አድን ጃኬታችንን እያጠባበቀች ሁለት ነገር አስጠነቀቀችን። ጫማችሁን አውልቁ፤ በጫማ ሥር የተጣበቀ አሸዋ ወለሉን ይጭረዋል። የትንኝ መከላከያ አትቀቡ፤ በውስጡ ያለው ኬሚካል ፕላስቲኩን ይበላዋል። በእርግጥም የካያኩን ወለል ጎንበስ ብዬ ሳየው ከእኛ በፊት የመጡት ሰዎች ሁሉ ተጽፈውበታል፤ የተረከዝ ጭረት፣ የጣት አሻራ የመሰለ ደብዛዛ ነገር፣ አንድ ጥግ ላይ ክብ የጠርሙስ ምልክት። የፀሐይ መነጽሬን ሳደርግ ደግሞ ወለሉ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ መስመሮች ተጋደሙ። ዓይኔን የነካኝ መስሎኝ ነበር። አስጎብኚያችን እንዳስረዳችን ፕላስቲኩ ቅርጽ ሲይዝ የተወጠረባቸው ቦታዎች ነጸብራቅ በሚከላከል መነጽር ሲታዩ ቀለም ያወጣሉ። መነጽሬን ኪሴ ከተትኩ።

አንድ ነገር ወዲያው አስተዋልኩ፤ እርሷ የምትቀዝፈው ተራ ካያክ ነው። ጠባብ፣ ቀይ፣ ወለሉ ምንም የማያሳይ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች፤ ሁላችሁንም ለመጠበቅ ፍጥነት ያስፈልገኛል አለች። እውነቱን ለመናገር ነፋስ በሌለበት ጠዋት ውሃው እንዲህ ጥርት ባለበት ቦታ ከካያኩ ጎን ብቅ ብሎ ማየትም ይበቃል። ግልጹ ወለል የሚጠቅመው ነፋስ ሲነሳ ነው። የውሃውን ገጽ የሚሸበሽበው ሞገድና በላዩ የሚያንጸባርቀው ብርሃን እይታን ይሸፍናሉ፤ ወለሉ ግን ውሃውን በቀጥታ ስለሚነካ በዓይንና በውሃው መካከል የሚሸበሸብ ነገር አይኖርም። የድሮዎቹ ጀልባዎች ብልሃትም ይኸው ነው። ገንዘባችን በከንቱ ሄደ አልልም።

ወዲያው ከጋሼ እግር ሥር አሸዋው ሲንተከተክ አየን። ውሃው ከታች እየገፋው የሚነሳና ተመልሶ የሚተኛ፣ የሳህን ስፋት ያለው ነጭ አሸዋ፤ ትንሽ ምንጭ ነው። ጋሼ መቅዘፋቸውን ትተው አዩት። የጥምቀት ሰሞን ስለነበር ይመስለኛል፣ ጣታቸውን በጎን ነክረው ግንባራቸው ላይ አማተቡ። «ይህስ ጠበል ነው» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ፣ አለፍነው!»

ከዚያ በታች ረጃጅም የውሃ ሣር ነው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተኝቶ ይወዛወዛል። ከሩቅ አረንጓዴ ይመስላል። ከቅርብ ግን ብዙው ቅጠል ቡናማ ጸጉር ለብሷል። ይህ አልጌ ነው። ምክንያቱን አስጎብኚያችን ያለ ማለባበስ ነገረችን፤ ከእርሻና ከግቢ ሣር ማዳበሪያ፣ ከፈረስ እርባታ ፍግ፣ ከቤቶች የፍሳሽ ጉድጓድ የሚወጣው ናይትሬት ከዝናቡ ጋር ሰርጎ በምንጩ በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ አልጌውን የሚመግበውም እሱ ነው። የውሃው መጠንም ቀንሷል፤ ቀድሞ በአማካይ በቀን ከ500 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ያፈልቅ ነበር። እኔና ጋሼ ተያየን። ኦካላ ያራገፍነው ጭነት የሣር ማዳበሪያ ነበር። ጋሼ ዝም እንድል በዓይናቸው ነገሩኝ፤ ዝም አልኩ።

ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ አስጎብኚያችን መቅዘፊያዋን አግድማ ከፍ አደረገች፤ አቁሙ ማለት ነው። ማናቲ ነበረች። ማናቲ የባሕር ላም እያሉ የሚጠሯት ሣር በል የውሃ እንስሳ ስትሆን ክብደቷ በአማካይ 450 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ትታመማለች፤ ስለዚህ በብርዱ ወራት ሙቀታቸው የማይለዋወጥ ምንጮችን ትፈልጋለች። እኛ ሳንንቀሳቀስ እርሷ ወደ እኛ መጣች። ግራጫ ጀርባዋ ላይ አልጌ በቅሏል፤ ከአልጌው መካከል ትይዩ የሆኑ ነጭ ጠባሳዎች ተሰልፈዋል፣ የጀልባ ሞተር ምላጭ የጻፈባት። በወለሉ ሥር ስታልፍ ጋሼ በመካከል ፕላስቲክ እንዳለ እያወቁም እግራቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። በስተቀኛችን ብቅ ብላ የአፍንጫዋን ሁለት ክዳኖች ከፈተች፣ ጮክ ብላ ተነፈሰች፣ መልሳ ዘጋቻቸውና ወደ ሣሯ ተመለሰች። መንካት በሕግ ክልክል ነው። ማንም አልሞከረም።

ወደዚህ የምትመጣበት መንገድ ራሱ ጉድ ነው። በኦክላዋሃ ወንዝ ላይ በ1968 የተጠናቀቀ ግድብ አለ። ፍሎሪዳን ከዳር እስከ ዳር ለሚያቋርጥ የመርከብ ቦይ ተብሎ የተሠራ ነው። ቦዩን ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 አስቆሙት፤ ግድቡ ግን እስካሁን አለ። ማናቲዎች ከሴንት ጆንስ ወንዝ ተነስተው እዚህ ለመድረስ ለጀልባ በሚከፈተው የውሃ በር በኩል ማለፍ አለባቸው። ግድቡ ይፍረስ የሚሉና በላዩ ያለው ሐይቅ ለዓሣ አጥማጆች ይቆይ የሚሉ ወገኖች ለአሥርተ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። አስጎብኚያችን ከየትኛው ወገን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገንም።

አሊጌተር የሚባለውን የአዞ ዘመድም አይተናል፤ ግንድ ላይ ተኝቶ ፀሐይ የሚሞቅ። ሌሎቹ ጎብኚዎች ሲጮሁ ጋሼ በንቀት አዩት። በጫሞ ሐይቅ የአዞ ገበያ የሚባለውን ዳርቻ ያየ ሰው እንዲህ ባለ ፍጥረት አይደነግጥም። ጦጣዎቹ ግን አስገርመዋቸዋል። በ1930ዎቹ እዚህ የጀልባ ጉብኝት ያካሂድ የነበረ ኮሎኔል ቱዊ የሚባል ሰው (ኮሎኔል ስሙ እንጂ ማዕረጉ አይደለም) ጎብኚ ለመሳብ ብሎ ከእስያ የመጡ ጦጣዎችን ወንዙ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ለቀቀ። በውሃ ተከበው ይቀራሉ ብሎ አስቦ ነበር። ጦጣዎቹ ዋኝተው ወጡ፤ ዘራቸው እስካሁን በጫካው ውስጥ አለ። ለሰው አደገኛ የሆነ የሄርፒስ ቢ ቫይረስ ስለሚገኝባቸው መጠጋት አይመከርም፤ ግዛቱ መመገብን በ2018 ከልክሏል። ጋሼ ስለ ሰውየው ያሉት አጭር ነው፤ «ዝንጀሮ ባለበት አገር ቢያድግ ኖሮ ይህን አይሠራም ነበር።»

ከዋናው ምንጭ አንድ ማይል ያህል ከወረድን በኋላ አስጎብኚያችን ከወንዙ ዳር ሰብስባ አቆመችን። የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው። እርሷ ባትነግረን ዓይናችንን ወለሉ ላይ ተክለን እናልፈው ነበር። እዚህ ከ1949 እስከ 1969 ፓራዳይዝ ፓርክ የሚባል መዝናኛ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግስ ጥቁሮችን አያስገባም ነበርና ባለቤቶቹ ለጥቁሮች ብቻ ብለው የከፈቱት ነው፤ ያስተዳድረው የነበረው ኤዲ ቬሪን ይባላል። አሸዋማ መዋኛ፣ የጭፈራ አዳራሽ፣ የራሱም የመስታወት ጀልባዎች ነበሩት። ከሁለቱም ፓርኮች የሚነሱ ጀልባዎች ወደዚያው ምንጭ ይሄዳሉ፤ ጥቁሩም ነጩም ያንኑ ዓሣ በየራሱ መስታወት ያያል።

ጋሼ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በእንግሊዝኛ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም ነበር። አሁን ጠየቁ። «የላይኛውን ፓርክ ጀልባ የሚነዳው ማን ነበር?»

ብዙዎቹ ሾፌሮች ጥቁሮች ነበሩ አለች። እያንዳንዱን ምንጭ፣ እያንዳንዱን የዓሣ ዓይነት የሚያውቁ፣ ሥራውን ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ። ቀኑን ሙሉ ነጮችን በላይኛው ፓርክ ያንሸራሽራሉ፤ የገዛ ልጆቻቸውን የሚያዋኙት ግን እዚህ፣ ከታች ነው።

ጋሼ ወደ እኔ ሳይዞሩ በአማርኛ፣ «ሾፌር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ያደርሳል እንጂ አይገባም» አሉ። ምን እንዳሉ ልጅቷ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። ራሷን ነቀነቀችና ካያኳን ወደ ላይ አዞረች።

መመለሻው ከወራጁ ጋር ግብ ግብ ነው። ቁልቁል የሸኘን ውሃ ሽቅብ ስንቀዝፍ ጥቂት ካመነታን ወደ ኋላ ይመልሰናል። ደንቡ ከፊት የተቀመጠው ምቱን እንዲመታ፣ ከኋላ ያለው እየተከተለ አቅጣጫ እንዲይዝ ነው። ጋሼ ከፊት ሆነው ሁለቱንም ያዙ። ከዳር ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን፤ ወጣን፤ ከመስታወት ጀልባ ጋር ተፋጠጥን። የጀልባው ሾፌር እጁን አውለብልቦ አሳለፈን፤ ጋሼም በመቅዘፊያቸው ሰላምታ ሰጡት፣ ካያኩ እንደገና ዞረ።

በዚያ መንገድ ለምታልፉ የሙያ ባልደረቦቼ፤ ተሳቢ ይዛችሁ ወደ ፓርኩ አትሞክሩ፣ መኪናውን ማቆሚያ ትታችሁ በታክሲ ሂዱ። በጠዋት ሂዱ፣ ነፋስ ሳይነሳ። ከመክፈላችሁ በፊት ጉብኝቱ እስከ ፓራዳይዝ ፓርክ ድረስ ይወርድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልወረደ ሌላ አስጎብኚ ፈልጉ። ጋሼ የሚመክሩት ደግሞ ለየብቻ ካያክ መከራየትን ነው። ለሁለት ሰው የሚሆነው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ዳላስ እስክንደርስ ተከራክረን አልተስማማንም።