የብርድ ልብስ ጠርዝ በባይንደር፦ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናንተ እንኳ ስሙ።

እዚህ ሜሪላንድ የሕፃናት ክዊልት እሰፋለሁ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ መሃሉ ጥጥ ገብቶበት የሚሰፋውን ብርድ ልብስ ማለቴ ነው። ለክርስትና ስጦታ ስለሚፈለግ ሥራ አይጠፋም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ቀኑ አይገፋም፣ ስለዚህ ሁሌም ጥድፊያ ነው። ጊዜ የሚበላው ደግሞ ጠርዙ ነው። በተለመደው አሠራር 2 ኢንች ተኩል ስፋት ያለው ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ ይተኮሳል፣ ከፊት በመኪና ይሰፋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተገልብጦ በእጅ ይጨረሳል። ወገብ የሚቆርጠው ይሄ የእጁ ነው።

ባይንደር የሚባለው ዕቃ ሁሉንም በአንዴ ይጨርሳል ተባለ። እንደ ጡሩንባ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ነው። ጨርቁ በሰፊው አፍ ዝርግ ሆኖ ይገባል፣ በጠባቡ ከላይም ከታችም ታጥፎ ይወጣል። ክዊልቱን መሃሉ ትከታላችሁ፣ መርፌው ሁሉንም ባንድ መስመር ይሰፋዋል። አዲስ አበባ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የካናቴራ አንገት ሲሠራበት ስላየሁ አልተጠራጠርኩም።

መግጠሙ ቀላል ነው። በካቻቢቴ መኪናው ላይ ማሰር፣ 90 ወይም 100 ቁጥር መርፌ ማስገባት፣ የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊሜትር ማድረግ። ቀጥ ባለው ጎን ላይ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ይበራል። አንዱ ጎን ቡናው ሳይፈላ አለቀ።

ከዚያ ማዕዘኑ መጣ።

በሻጩ ቪዲዮ ላይ ሴትየዋ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ቪዲዮው ይቆረጣል፤ ሲመለስ ማዕዘኑ ተሠርቶ ቁጭ ብሏል። መመሪያው ወረቀትም ጨርቁን አጥፋችሁ ቀጥሉ ብሎ ያልፈዋል። የት ነው የማጥፈው? ጨርቁ እኮ ቆርቆሮው ውስጥ ነው! በተለመደው አሠራር ሩብ ኢንች ሲቀራችሁ ትቆማላችሁ፣ ጨርቁን በ45 ዲግሪ ወደ ላይ አጥፋችሁ መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ፣ አለቀ። እዚህ ግን እስከ ጫፉ ትሰፋላችሁ፣ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ታነሣላችሁ፣ ጨርቁን መዳፍ ያህል ስባችሁ ታወጣላችሁ። ከፊት በጣት፣ ከኋላ በስፒል ጫፍ እያስገባችሁ ታጥፋላችሁ። የተረፈውን ደግሞ መልሳችሁ ወደ ቆርቆሮው ትጎትታላችሁ። ሌላው ቦታ 7 ንብርብር ነው፤ ጥጉ ላይ ከዚያ በላይ ይወፍራል። መኪናው ያጓራል፣ ከሥር ጨርቁን የሚስበው ጥርስ አልጎትትም ይላል፣ ክሩ ከሥር ይቋጠራል። በቤት መኪና ላይ ደግሞ ለወፍራም ጨርቅ የሚረዳው ዎኪንግ ፉት አብሮት አይገጠምም። ስጨርስ ገልብጬ አየሁት። ከፊት ሹል ያለ፣ ያማረ ጥግ። ከኋላ የተከፈተ አፍ፣ ጥጡ ብቅ ብሎ።

ፈታሁት። ደጋግሜ ሰፋሁት፣ ደጋግሜ ፈታሁት፤ ጨርቁ በመርፌ ተበሳስቶ ወንፊት እስኪሆን። ለሻጩ ብጽፍለት ልምምድ ይጠይቃል አለኝ። ለስንት ዓመት ልብስ ለሰፋ ሰው! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጥለት ለጠርዝ አድርጊልን የሚሉም አሉ። በባይንደር አይሞከርም። ይወፍራል፣ ሲቆረጥ ይተረተራል፣ አፉ ላይ ይወተፋል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይኸው። ጥጉን ሹል አታድርጉት። ሳህን ደፍታችሁ በእርሳስ አክቡና ክብ አድርጋችሁ ቁረጡት። የጠርዙን ጨርቅ ግን የግድ በሰያፍ ቁረጡ፣ ካልሆነ ኩርባው ላይ ይጨማደዳል። ወረቀቱ ማንኛውም ጨርቅ ይሆናል ቢልም አትስሙት፤ ስታርች ረጭታችሁ ተኩሱ። ስፋቱ ላይ ቀልድ የለም፦ ዝርጉ ጨርቅ ከሚወጣው ጠርዝ አራት እጥፍ ግድም መሆን አለበት፣ ለግማሽ ኢንች 2 ኢንች ማለት ነው። ስትቀጥሉም በሰያፍ ቀጥሉ፣ ስፌቱን ገልጣችሁ ተኩሱት። መጨረሻው ላይ ከመነሻው መዳፍ ሲቀራችሁ ቁሙ፣ ቆርቆሮውን ፍቱ፣ መገጣጠሚያውን በዱሮው መንገድ ጨርሱ።

ክብ ጥግ ላለው የሕፃን ክዊልት፣ ለለሃጭ መቀበያ፣ በብዛት ለሚሠራ ሁሉ ዋጋውን ያወጣል። ባለ ሹል ጥግ ለሆነ ትልቅ የአልጋ ክዊልት አያወጣም። ኬንታኪ ፓዱካ እንደሚካሄደው ዓይነት የክዊልት ውድድር ካሰባችሁማ ይቅርባችሁ። ዳኞች ጠርዙ በጥጥ እስከ ጫፉ መሙላቱን፣ ጥጉ በስፌት መዘጋቱን ያያሉ።

ስትገዙ መኪናችሁ ላይ ባይንደሩ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ መኖሩን መጀመሪያ እዩ። በእግሩ ቦታ ጠቅ ብሎ የሚገባውን ርካሹን አትንኩት፣ አፉ ለስስ ጨርቅ ነው የተሠራው። እኔ ጋ አንድ አለ። የሚፈልግ ካለ በነፃ ይውሰደው።