ሎሚ፣ ሳሙናና ስስ ሽፋን፦ ከጎንደር የሙከራ ማስታወሻ

ሳሙና ውስጥ ሎሚ ከበዛ አረፋው እንደሚሞት ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን፣ በልኩ የገባ ትንሽ ሎሚ መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ማለትም የአረፋውን ስስ የሳሙና ውሃ ግድግዳ፣ የሚያጠነክረው መሆኑ ነው። ያቺን ልክ ለማግኘት ግማሽ ግራም የተፋቀ ነጭ የልብስ ሳሙና በ100 ሚሊ ሊትር የሞቀ የዝናብ ውሃ ይሟሟል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራ ስላለው ይደፋ። በበጋ የባትሪ ውሃ ይሠራል፤ ስትገዙ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ አደራ!

1 ሚሊ ሊትር የተጣራ የሎሚ ጭማቂ በ4 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥኑና በስሪንጅ ወደ ሳሙናው ውሃ 0.5፣ 0.5 ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ በቀስታ አማስሉ። ባንድ ጊዜ ከፈሰሰ የነካው ቦታ ብቻ ይረጋና ልኬቱ ይበላሻል። ሳሙናውን በሙሉ ለመግደል ያልቀጠነ ጭማቂ ወደ 2 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ ሳሙናው ትርፍ ሶዳ ካለው ከዚያም ይበልጣል።

ከሽቦ የተጠቀለለ 3 ሳንቲ ሜትር ቀለበት ነክራችሁ፣ ከሥሩ ያው ፈሳሽ ባለበት ክዳን ያለው ብርጭቆ ውስጥ አቁማችሁ አንጠልጥሉ። ክዳኑ ግድ ነው፤ ከጥር እስከ መጋቢት የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ ሽፋኑ በትነት ይፈነዳና ጥፋቱ በሎሚው ይላከካል። የቀለም መስመሮቹ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ላይኛው ጠርዝ ጠቁሮ የጠፋ ሲመስል፣ ሽፋኑ ከ30 ናኖ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ) በታች ሳስቷል ማለት ነው። ሰዓት የሚያዘው ከመንከር እስከ መፈንዳት ነው።

ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲዱ ይበረታል) ከ10 አካባቢ ወደ 9 ሲጠጋ መስመሮቹ ዝግ ብለው ይወርዳሉ። የሳሙናው ሞለኪውሎች ከፊሉ ሃይድሮጅን ተቀብለው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጃቸውን ያጣሉ፤ ቻርጅ ካላቸው ጋር ጥቅጥቅ ብለው ስለሚደረደሩ ገጹ ይጠነክራል፣ ውሃውም ቶሎ አይወርድም። የፋቲ አሲድ (ሳሙና ሃይድሮጅን ሲቀበል የሚሆነው ቅባታማ አሲድ) ፒኬኤ፣ ማለትም ግማሹ ቻርጁን የሚያጣበት ፒኤች፣ 4.8 ገደማ ሆኖ ሳለ ለውጡ 9 ላይ መታየቱ ግር ሊል ይችላል። አሉታዊው ገጽ ሃይድሮጅን ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ገጹ ከፈሳሹ ውስጥ ይልቅ አሲዳማ ነው። ፒኤቹ ከ9 እየወረደ ሲሄድ የሽፋኑ ሁለት ፊቶች የሚገፋፉበት ቻርጅ ያልቃል፣ የረጋው ፋቲ አሲድም ሽፋኑን ይበሳል።

ትልቁ ወጥመድ ፈሳሹ ውስጥ የሚታየው ነጭ ብናኝ ነው፤ መነሻው ሦስት ነው። ሳሙናው ሲቀዘቅዝ የሚመጣው፣ ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ይጠራል፤ ስለዚህ ሙከራው ሞቅ ባለ ውሃ ይሠራ። የፋቲ አሲዱ ብናኝ ሙቀት ብቻ አይበቃውም፤ ጓንት አድርጋችሁ ቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ጠብታ ስትጨምሩ ተመልሶ ይሟሟል። ቤኪንግ ሶዳ አይረዳም፣ የራሱ ፒኤች 8.3 ገደማ ነውና። በሁለቱም እምቢ ያለው ከጉድጓድ ውሃ የመጣ የካልሲየም ሳሙና ነው፤ ያ ፈሳሽ ተደፍቶ በሌላ ውሃ ይጀመር።

ለማነጻጸሪያ ያንኑ ሎሚ በሰልፎኔት (ከሳሙና የተለየ አረፋ ሰጪ) በተሠራ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ላይ ሞክሩ። ሰልፎኔት የጠንካራ አሲድ ጨው ስለሆነ ፒኤች 4 ላይም ቻርጁን አይለቅም፣ አይረጋምም።