«ቁልፉ ነበረ እኮ»

ሐዋሳ አቶቴ ያለችው ኢንተርኔት ቤታችን በምዝገባ ሰሞን ሰው ይበዛባታል። ያን ቀን እኔ ፎቶ ኮፒው ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት ልጃቸውን ኮሌጅ ሊያስመዘግቡ መጥተው ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጡ። አድራሻውን ልጁ ራሱ ጻፈው። አንድ ፊደል ዘለለ።

የተከፈተው ገጽ ቁርጥ የኮሌጁን ይመስላል። አርማው፣ ቀለሙ፣ የግቢው ፎቶ ሳይቀር። ፎርሙን ሞሉ፤ የምዝገባውን 600 ብር ገጹ ወደሰጣቸው ሂሳብ በስልክ ላኩ። ማረጋገጫውን ፕሪንት ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ።

በሳምንቱ እናትየው ብቻቸውን ተመለሱ። ኮሌጁ ስሙ የለም ብሏቸዋል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ከታች በኩል ብሮውዘሩ አድራሻውን በደቃቅ ፊደል አትሞታል። የጎደለችው ፊደል ያኔ ነው የታየችኝ።

«ልጄ፣ ቁልፉ ነበረ እኮ» አሉኝ። «ቁልፍ ካለ አይፍሩ ያልከኝ አንተ ነህ።»

እውነታቸውን ነው። ብያቸዋለሁ። ከአድራሻው አጠገብ ያለችው የቁልፍ ምስል የምትለው ግን መስመሩ የተመሰጠረ ነው ብቻ ነው፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አይናገርም። ዛሬ አጭበርባሪም ቁልፉን በነፃ ያገኘዋል። ጎግል በፈረንጆቹ 2023 ምልክቱን ክሮም ከሚባለው ብሮውዘሩ አድራሻ መጻፊያ ላይ ያነሳው ሰው እንደ እኔ እየተረዳው ስላስቸገረ ነው። የእኛ ማሽኖች ዊንዶውስ 7 ናቸው፤ አዲሱን ክሮም አይቀበሉም። ቁልፉ አሁንም እዚያው አለ።

ማታ ከባልደረባዬ ጋር ተከራከርን። እኔ ብሮውዘሩ ማስቆም ነበረበት አልኩ።

«ብሮውዘር ፖሊስ ነው እንዴ?» አለኝ። «በፈረንጆቹ 2003 የዶት ኮም አድራሻዎችን መዝገብ የሚይዘው ኩባንያ፣ ቬሪሳይን፣ ያደረገውን ረሳኸው? የሌለ ዶት ኮም አድራሻ የጻፈውን ሰው ሁሉ ወደ ራሱ ገጽ ይወስድ ነበር። የኢንተርኔት ስሞችን የሚቆጣጠረው ድርጅት፣ አይካን፣ ተቆጥቶ ነው በሦስት ሳምንት ውስጥ ያስተወው። አርማለሁ የሚል ሁሉ ወደ ገዛ ደጁ ነው የሚነዳህ።»

ልክ ነው። ግን መንዳት ሌላ፣ መጠየቅ ሌላ። ክሮም ከፈረንጆቹ 2019 ጀምሮ አድራሻው ከታወቀ ገጽ ጋር ሲመሳሰልበት «ይህን ማለትዎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያመሳክረው ግን በዓለም ከታወቁት ገጾች ወይም አንተ ከምታዘወትራቸው ጋር ነው። የእኛን ከተማ ኮሌጅ ከየት ያውቀዋል? የምናዘወትረውንም እንዳያስታውስ፣ ለደንበኛ ሚስጥር ብለን ሂስትሪውን ማታ ማታ የምናጠፋው እኛው ነን። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

«ቢያንስ አድራሻው የተመዘገበው በቅርቡ ነው ብሎ ይንገረን» አልኩት።

«ትናንት ሱቅ የከፈተ ሐቀኛ ሰውስ? ደንበኛው ደንግጦ ይሽሽ?»

ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም። ቢሆንም 600 ብር ከማጣት አንዴ መደንገጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ለእኚያ እናት 600 ብር ቀላል አይደለም።

ባለፈው ሰኞ ልጁ ብቻውን መጣ። ወረቀቱን ሰጠኝና «አንተ እያነበብክልኝ ልጻፍ» አለ። ፊደል በፊደል አነበብኩለት። ኢንተርን ሳይጫን ቀና ብሎ አየኝ።