ስልክ የማይደወልበት ገመድ

አሮጌ የቴሌኮም ኔትወርክ አንስቶ በአዲስ መተካት እንጀራዬ ነው። ወደ ሙያው ለሚገቡ ወጣቶች ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ገጠመኝ አለኝ። ዛሬ ልጻፈው።

ቦታው ሰፊ እርሻ ያለው ፋብሪካ ነው፤ ስሙን ልተወው። የሠራተኛ መንደር፣ ክሊኒክ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የራሱም የስልክ ማዞሪያ አለው። ማዞሪያው አንድ ሙሉ ክፍል ይዟል። እንዳይግል ኤሲው ሌት ተቀን ይሠራል። በውስጡ የሚሰኩትን የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች የሚያመርታቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ አንዱ ሲቃጠል መለዋወጫ የሚገኘው ሌላ ቦታ ከተነቀለ ማዞሪያ ላይ ነው፣ እሱም በውድ። ክረምት ሲገባ ደግሞ መሬት ውስጥ የተቀበረው የመዳብ ገመድ ውሃ ያስገባና የመንደሩ ስልክ በሙሉ ይንጫጫል።

ፋብሪካው በዚያ ላይ እየሰፋ ነበር። አዲስ መጋዘን፣ አዲስ ቢሮ፣ ካሜራ፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ማዞሪያው ላይ ግን አንድ ትርፍ መስመር የለም። ስለዚህ አስተዳደሩ ፋይበር፣ ማለትም መረጃ በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ገመድ፣ ይዘርጋና ስልኩም ካሜራውም ኮምፒውተሩም በአንድ ኔትወርክ ይሂድ ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ።

ችግሩ የመጣው ከዝርዝሩ ነው። የትኛው መስመር ወደ አዲሱ እንደሚዛወር ለመለየት የማዞሪያው ኮምፒውተር የመዘገበው የሦስት ወር ጥሪ ወጣ። ጥሪ ያለው ይዛወራል። ጥሪ የሌለው «የሞተ» ተብሎ ይቆረጣል። ወረቀቱ ላይ ሲታይ እንከን የለውም። ወጪም ይቀንሳል፤ ማንም ለማይነካው ስልክ አዲስ መሣሪያ አይገዛም።

ቆረጣው ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት ተያዘ። የማዞሪያ ክፍል አይቶ ለማያውቅ ላስረዳ። ከውጭ የሚመጣው ገመድ ሁሉ የሚያርፈው ዋናው ፍሬም በሚባል ትልቅ የብረት መደርደሪያ ላይ ነው። በአንዱ ወገን የውጪው ገመድ ይታሰራል፣ በሌላው ወገን የማዞሪያው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጃምፐር የምንለው ቀጭን ጥንድ ሽቦ ነው። የብዙ ዓመት ጃምፐር ተደራርቦ ሲታይ የተተበተበ ክር ይመስላል። የዚያን ሌሊት ትእዛዝ ዝርዝሩ ላይ የሌለውን ጃምፐር ሁሉ ቆርጦ ማውጣት ነበር። ልጆቹ በጥንቃቄ ሠሩ። ጠዋት ላይ አዲሶቹ ስልኮች ጥርት ብለው ይሰሙ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥበቃ እየሮጠ መጣ። ኮረብታው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሞልቶ ሲፈስ አድሯል። ውሃው ቁልቁል ወርዶ መንደሩ ውስጥ ገብቷል። ግቢ አጥለቅልቋል፣ የአንድ መጋዘን ዕቃ አበስብሷል። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። የፓምፑ ተረኛ ግን መከራውን አየ። «ተኝተህ ነው» ተባለ። «የታንከሩ መብራት አልበራልኝም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ሳየው ነው ያደርኩት» ብሎ ይምላል። የሚሰማው የለም። ኤሌክትሪሺያን ተጠራ፤ ፓምፑ ተፈተሸ፤ ደህና ነው። ስልክ ክፍሉን ያሰበ ማንም አልነበረም።

ምስጢሩን የፈቱት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የማዞሪያው ሠራተኛ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የውሃውን ወሬ ሲሰሙ ፍሬሙ ዘንድ መጡ። ጎንበስ ብለው የታችኛውን ረድፍ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።

«እዚህ ጋ የነበረው ቀይና ቢጫ ሽቦ የት ሄደ?»

«ጥሪ የሌለው ነው ጋሼ፣ ተቆርጧል።»

«እሱ እኮ ስልክ አይደለም፣ ልጄ። የታንከሩ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንከሩ ላይ ተንሳፋፊ አለ። ውሃው ሲሞላ ከፍ ይልና ሁለት ሽቦ ያገናኛል። ያኔ ፓምፕ ክፍል ውስጥ መብራት ይበራል፣ ፓምፑም ይቆማል። ያ ምልክት የሚሄደው በስልክ ገመድ ነበር። ከታንከሩ የመጣው ጥንድና ከፓምፑ የመጣው ጥንድ እዚያው ፍሬም ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል፤ ማዞሪያው ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ የማዞሪያው ኮምፒውተር መቶ ዓመት ቢመዘግብም ያንን መስመር አያየውም። ሽቦው ሲቆረጥ ደግሞ ፓምፑ የሚያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ታንከሩ ገና አልሞላም።

መጀመሪያ የገጠመው ባለሙያ ሥራውን ገልብጦት ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ሽቦው ሲቋረጥ ፓምፑ እንዲቆም አድርጎት ቢሆን፣ መንደሩ በውሃ አይጥለቀለቅም ነበር። ትልቅ ቁም ነገር ነው። መቆጣጠሪያ የሚሠራ ሰው ሽቦ ተበጥሶ ምን እንደሚሆን ሳይፈትን አያስረክብ።

እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላው ነው። ጋሼ ያን ጊዜ ሁሉ እዚያው ግቢ ነበሩ። በዕቅዱ ላይ የተሰጣቸው ሥራ ቁልፍ ማስረከብ ብቻ ነበር። መረጃውን ከኮምፒውተሩ ጠየቅን እንጂ ከእሳቸው የጠየቀ የለም።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ላይ ጥሩ ነገር አየሁ። ወዲያው ሥራውን አስቆመ። የፓምፑን ተረኛ በሰው ፊት ይቅርታ አስጠየቀለት። ከዚያ ጋሼ ደብተራቸውን አመጡ። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተበላ የመዝገብ ደብተር ነው። የጥንዱ ቁጥር፣ ከየት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያርፍ በእስክሪብቶ ተጽፏል። አንዳንዱ መስመር ዳር ላይ «አይነካ» ይላል።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ገመድ በእግር ተከተልን። አንዱ በአንድ ጫፍ የድምፅ ምልክት ይልካል፤ ሌላው በሌላው ጫፍ ያዳምጣል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ስንት ነገር ተገኘ! የእሳት አደጋ ደወል። የፈረቃ ሳይረን። ከሚዛን ቤት ወደ ሒሳብ ክፍል የሚሄድ መስመር። ከክሊኒኩ ወደ ሐኪሙ ቤት በቀጥታ የተዘረጋ፣ ሲነሳ ወዲያው የሚጠራ የሌሊት ስልክ። አንዳቸውም ቁጥር የላቸውም። አንዳቸውም ዝርዝሩ ላይ የሉም።

ጋሼ ሌላም ጠየቁ። «መብራት ሲጠፋስ?» አሮጌው ስልክ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከማዞሪያው ክፍል ባትሪ ነው፤ 48 ቮልቱ በመዳቡ ውስጥ አብሮ ይሄዳል። መንደሩ በጨለማ ቢዋጥም ስልኩ ይሠራል። ፋይበር ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። አዲሱ ስልክ የአካባቢው ካቢኔ፣ ማለትም ፋይበሩ የሚያርፍበት የመሣሪያ ሳጥን፣ ኃይል ካላገኘ አብሮ ይሞታል። ዕቅዱ ላይ ባትሪ የነበረው ለዋናው ቢሮ ብቻ ነው። ለክሊኒኩ፣ ለፓምፑና ለጥበቃው ካቢኔ ተጨመረ።

ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ገባኝ። እንግሊዝ አሮጌውን የስልክ ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ልትዘጋ ነበር። ቀኑ ወደ ጥር 2027 ተገፋ። አንዱ ትልቅ ምክንያት አረጋውያንና ሕሙማን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የድረሱልኝ ቁልፍ ነው። እሱም ከቤት ስልክ መስመር ጋር የተያያዘ ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ወደ 1.8 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ይገመታል። ለእነሱ ያ መስመር መቋረጥ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ፋብሪካው በመዘግየቱ ገንዘብ አውጥቷል፤ ሒሳብ ክፍሉም አጉረምርሟል። ሆኖም ቁጠባው አልቀረም። ኤሲው ጠፍቷል፣ መለዋወጫ ፍለጋ ቀርቷል። አዲስ መጋዘን ሲሠራ ስልክ የሚገባለት አንድ ፋይበር በመሳብ ነው። ታንከሩም አሁን የውሃውን መጠን በመቶኛ ያሳያል፤ ሊሞላ ሲል የተረኛው ሞባይል ላይ መልእክት ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ጨረታ ስንገባ «የገመድ ቆጠራ» የሚል ሥራ ለብቻው ዋጋ ወጥቶለት ይቀርባል። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ቆጠራ አይደለም፤ ሁለቱም ጫፍ በዓይን ይታያል፣ በቦታው የኖረ ሰው አብሮ ይዞራል፣ ለእሱም አበል ይከፈላል። ደንበኞች ዋጋ ቀንሱ ሲሉ መጀመሪያ የሚሰርዙት ይህን መስመር ነው። በሌላው ሁሉ እደራደራለሁ፣ በዚህ ግን አልደራደርም። አንድ ሥራም በዚህ ምክንያት ቀርቶብኛል።